ከሞትሽ በኋላ ያሳተምሻቸው ጥናቶች

ውድ ቆቄ፣

ስህተት አያመልጥሽምና እኛ የሥራ ጓደኞችሽ ባወጣንልሽ ስም ልጥራሽ። ከተቀበርሽ ወዲህ አራት ጥናት አሳትመሻል። በሕይወት ሳለሽ አንዷን ለማውጣት ሁለት ዓመት ትፈጂ የነበርሽው ሴት፣ አሁን እረፍት የሚባል ነገር የለሽም። ሌሎች ተመራማሪዎች በየጽሑፋቸው ይጠቅሱሻል፤ የጠቃሾችሽ ቁጥር ሽቅብ ይወጣል። ፕሮፌሰራችን ግራፉን የስብሰባ ክፍሉ ግድግዳ ላይ እያበራ «የላቦራቶሪያችን ኩራት» ሲልሽ ጥርሱ አይከደንም። እኔ ግድግዳውን ላለማየት አቀረቅራለሁ።

የመጀመሪያው እውነትም ያንቺ ነበር። ግማሹን ጽፈሽ ነው የሄድሽው፤ ሲወጣ እያለቀስኩም ደስ ብሎኛል። የቀሩትን ሦስቱን ግን በዓይንሽም አላየሻቸው። ፕሮፌሰሩን ስጠይቀው ምን አለኝ መሰለሽ?

«ስሟ ያለበት ወረቀት ቶሎ ያልፋል፣ ይጠቀሳል። አንቺ ምን አገባሽ? ለእሷም መታሰቢያ ነው።»

መታሰቢያ! መቃብርሽ ላይ አንዲት አበባ ያላኖረ ሰው።

ከሁሉ የከፋኝ የእናትሽ ነገር ነው። በስምሽ አዲስ ጥናት ሲወጣ ስልኳ ላይ መልእክት እንዲደርሳት ወንድምሽ አስተካክሎላት ኖሮ፣ በወጣ ቁጥር ትደውልልኛለች። «ሰማሽ ወይ? ልጄ ዛሬም አንድ አወጣች! ስንቱን ጽፋ አስቀምጣው ኖሯል እቴ!» ትለኛለች። እኔም «አዎ እማማ» እላለሁ። ድምጿ እንዲያ ፈክቶ ስሰማ ሌላ ነገር ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ባለፈው ሳምንት አምስተኛው መጣ። የአንጎል ነርቮችን እንቅስቃሴ እያሰላ፣ የሚጥል በሽታ መቼ እንደሚነሳ አስቀድሞ ይናገራል የተባለው የኮምፒውተር ሞዴል አለ አይደል? በዚያ ግማሹን ጽፈሽ በሄድሽው በመጨረሻ ጥናትሽ አይሠራም ብለሽ ያፈረስሽው? አዲሱ ወረቀት «ይሠራል» ይላል፣ ስምሽን አናቱ ላይ ሰክቶ። የገዛ ቃልሽን በገዛ ስምሽ ሊያስክዱሽ! መጽሔቱ ደግሞ ደራሲዎቹ ሁሉ አንብበው መስማማታቸውን ይጠይቃል። ፕሮፌሰሩ ኮምፒውተሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገና «ጓደኛዋ አንቺ ነሽ፤ በእሷ ፈንታ አንቺ ተስማሚ» አለኝ። ሙዝ እየላጠ ነበር።

አልተስማማሁልሽም። ለመጽሔቱ አዘጋጅ «ይህች ደራሲ ሞታለች፤ ይህን ጥናትም አላየችውም» ብዬ ጻፍኩ። ስለ ቀደሙት ሦስቱም ጻፍኩ። ፕሮፌሰሩ ሰምቶ ቢሮዬን እንድለቅ አዞኛል። ቢሮውን ይብላው።

ከዚያ፣ ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ብዬ፣ እናትሽ ዘንድ ሄጄ ራሴ ነገርኳት። የቀረቻትን ደስታ የነጠቅኳት እኔ ነኝና ቀና ብዬ ላያት ፈራሁ።

በኋላ «እሷ ራሷ የጻፈችው መጨረሻው የቱ ነው? አንብቢልኝ» አለችኝ።

ያንን ሞዴሉን ያፈረስሽበትን ጥናት ከስልኬ አውጥቼ፣ ከባድ ከባዱን ቃል እየፈታሁ አነበብኩላት። «እኛም ራሳችን ከዚህ ቀደም ተሳስተናል፤ ዝም ብንል ግን ታማሚዎችን ማታለል ይሆናል» የምትይበት ላይ ስደርስ እጄን ያዘችኝ።

«አዎ፣ ይቺ ልጄ ናት» አለች። «እነዚያን ሌሎቹን ወንድሟ ሲያነብልኝ ድምጿ አልሰማ እያለኝ፣ ልጄን ረሳኋት እንዴ ብዬ ስፈራ ነበር።»

በይ እንግዲህ ቆቄ፣ ከዛሬ ጀምሮ አትጽፊም። ዕረፊ።

የጠረጴዛ ጎረቤትሽ