ያልተሰካው ፓምፕ

ጥር 6

ውሃ ሰንብቶ ዛሬ መጣ። ሱቁ ሠርግ ቤት መሰለ። የመሃል ከተማ ሰው ሁሉ ያቃጠለውን ፓምፕ ታቅፎ ደጃችን ላይ ተሰልፏል። ቧንቧው ደርቆ ሳለ ፓምፑን ከፍተውት ይተኛሉ፣ ጠዋት መጥተው "ምን ነካው?" ይሉናል። ምን ይንካው! አየር ሲጠጣ አደረ።

አባዬ እንደ ልማዱ... እሱ ሳያዳምጥ አንዲት ብሎን አትፈታም። የካቻቪቴውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ፣ ዓይኑን ጨፈን። ሐኪም ነው በቃ። ሰዉም ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ ወይ "ኩሽኔታው ነው"፣ ወይ "ደህና ነው"። አለቀ። እኔስ? እኔ ብሎን ፈቺ። በዚህ ዕድሜዬ!

ጥር 9

አንድ ነገር ጠረጠርኩ። ከቱላ የመጣ ፓምፕ ሰክተን ኩሽኔታው ሲጮህ፣ መንገድ ማዶ ሻይ ቤት ያላት ማርታ "ኧረ በጌታ ዝም አሰኙልኝ!" እያለች መጣች። አባዬ አዳመጠና "ደህና ነው" አለ።

ካሌብ እኔን አየኝ፣ እኔ ካሌብን። አብሮን የሚሠራ፣ ከአባዬ ጋር አንድ ቸርች የሚሄድ ሰው ነው። ክፉ ቃል አይወጣውም። አባዬ ምሳ ሲሄድ ኩሽኔታውን ተደብቀን ቀየርነው።

ጥር 10

ከኋላው ቆሜ "አባዬ!" አልኩት። ዝም። ጮክ ብዬ ደገምኩ። ዝም። ዞሬ ፊቱ ስቆም "ምነው ልጄ?" አለኝ ፈገግ ብሎ።

ደንቁሯል! ከንፈር እያየ ነው የሚያወራን። ስንት ጊዜው ይሆን? ማዘን ነበረብኝ መሰለኝ... ደስ አለኝ። ምን ላድርግ፣ ደስ አለኝ።

ጥር 13

ለብቻው አድርጌ "ጆሮህን ሐኪም ይየው" አልኩት።

"የማንን ጆሮ?"

"የሱቁን ቁልፍ ስጠኝና አንተ ቤት እረፍ።"

ፊቱ ጠቆረ። "ከዚህ ወንበር ተነስቼ ቤት ገብቼ ምን ልሠራ ነው? ግድግዳ ሳይ ልዋል? ጆሮዬ እስካለ ሱቁ የኔ ነው።"

ጆሮዬ እስካለ! እሺ። እናያለና።

ጥር 17

ሆነ።

ሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል ኃላፊው ሄኖክ ትልቁን ፓምፕ አስጭኖ መጣ። "የሆቴሉ ሥራ በሙሉ ወደ እናንተ ይሁን ብለናል። ብቻ አቶ ታምሩ ያዳምጡልኝ" አለ። አቶ ታምሩ ያዳምጡልኝ! እኔ እዚያው አፍንጫው ስር ቆሜ።

የብረት ጠረጴዛው ላይ ሌላ ፓምፕ እየሠራ ነበር። ጠረጴዛው እንዳለ ይንቀጠቀጣል። የሆቴሉን አጠገቡ አስቀምጬ ሰካሁት። ተነሳ። አባዬ ካቻቪቴውን ሊያነሳ ጎንበስ ሲል ሶኬቱን ነቀልኩት። ካሌብ አየኝ። ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ ልመና። እንዳላየ ሆንኩ።

አባዬ ጫፉን የጠፋው ፓምፕ ላይ አሳረፈ። ከወትሮው ቆይቶ አዳመጠ። ቀና ብሎ አየኝ። እንደገና አዳመጠ።

"ኩሽኔታው ነው። ይቀየር።"

ሶኬቱን አንስቼ ፊቱ ላይ አወዛወዝኩት። "አባዬ፣ ይሄ እኮ አልተሰካም! ምኑን ነው የሰማኸው?"

መጀመሪያ ከተሰለፈው ሰው አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም። ሄኖክ እንኳ፣ አፉን በእጁ ይዞ። አባዬ የሚስቀውን አፍ ሁሉ በየተራ አየ። ካቻቪቴውን በጨርቅ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ቁልፉንም ከኪሱ አውጥቶ አጠገቡ። ባጃጅ ይዞ ሄደ።

የሆቴሉ ሥራ የኔ ሆነ።

ጥር 18

ካሌብ አልመጣም። ይቅር!

ጥር 25

ታፔላው ላይ "ታምሩ" የሚለውን አስጠፍቼ "አልአዛር" አስጻፍኩ። ያምራል። የአባዬን ወንበር ለማርታ ሰጠኋት፣ አልፈልግም አለች። ምን አባቷ ሆና ነው?

ሰው ይመጣል፣ "ሽማግሌውስ?" ይላል፣ የሶኬቷን ነገር እነግረዋለሁ፣ አብረን እንስቃለን። አንዱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አስደገመኝ። ባወራኋት ቁጥር እያማረች ሄዳለች።

የካቲት 3

እማዬ ሱቅ መጣች። ቁጭ በይ ብላት አልቀመጥም አለች።

"እህል አይቀምስም" አለች። "ቸርችም ቀርቷል። ሰው ሲያወራ ካየ እየሳቁብኝ ነው ይላል።"

"አረጀ እማዬ። እኔ ምን ላድርገው?"

"ሶኬቱን ስትነቅል አይቶሃል።"

"ማን?"

"አባትህ ነዋ! ጆሮው ከተደፈነ ወዲህ ዓይኑ ምን ያመልጠዋል? 'ልጄ ነው፣ ሰው ፊት አያዋርደኝም፣ አፌን ሳልከፍት መልሶ ይሰካዋል ብዬ ጠበቅኩት' ነው ያለኝ። ጠበቀህ፣ አልአዛር።"

"ታዲያ ለምን አልተናገረም?"

"ምን ብሎ? በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ልጄ አታላይ ነው ይበል?"

ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ውሸቷን ነው። ልታቃጥለኝ ነው... ግን ከወትሮው ቆይቶ አዳምጧል። ቀና ብሎም አይቶኛል። ያኔ ምን መስዬው ነበር? እየሳቅኩ ነበር እንዴ?

የካቲት 5

ቤት ሄድኩ። አባዬ ግቢ ውስጥ ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ተቀምጧል። እጁን የቤታችን ፓምፕ ላይ አሳርፏል። ፓምፑ ይሠራል። ኩሽኔታው ማልቀስ ጀምሯል፣ ሰፈሩን ይረብሻል። እሱ እቴ፣ እየዳበሰው ነው።

"አባዬ፣ ይቅርታ" አልኩ። ከኋላው። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፣ እማዬ ከጓዳ ወጥታ እስክታየኝ።

አልዞረም።

ዞሬ ፊቱ መቆም ብቻ ነበር የቀረኝ። ከንፈሬን ቢያይ ይበቃው ነበር። እማዬም በእጇ "ሂድ፣ ፊቱ ሂድ" አለችኝ።

ድምፅ እንዳላሰማ በሩን ቀስ አድርጌ ዘግቼ ወጣሁ።