የአቶ ደበሳ ጎንፋ እጅ

አቶ ደበሳ ጎንፋ መጋቢት 12 ቀን 1915 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ጎንፋ ኩምሳና ከእናታቸው ከወ/ሮ ዋሪቱ ዲንቃ፣ በመቱ አቅራቢያ የሶር ፏፏቴ ድምፅ ከሚሰማበት መንደር ተወለዱ። በመቱ ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ከፍ ሲሉም ከጎሬ ወደ ጋምቤላ ቡና በበቅሎ ይጭኑ የነበሩትን አባታቸውን እየተከተሉ መንገዱን ለመዱት።

ጠላት ከአገር በወጣ በዓመቱ፣ በ1934 ዓ.ም.፣ ዳለቲ የምትባል የአባታቸው በቅሎ ከቡሬ በታች ባለው ቁልቁለት እግሯ ተሰበረ። አሥራ አራት ዓመት ያገለገለች በቅሎ ነበረች። አባታቸው እንደ አገሩ ልማድ ጭነቷን ለሌሎቹ አከፋፍለው እሷን እዚያው ትተዋት ሄዱ። ልማዱን እዚህ የተሰበሰብን ሁሉ እናውቀዋለን። የማይበላ እንስሳ በእጅ መግደል እርግማን ያመጣል ብለን፣ ያረጀውንና የተሰበረውን ለጅብ እንተወዋለን፤ ከዚያም እጃችን ንጹሕ ነው እንላለን። አቶ ደበሳ በሦስተኛው ቀን በዚያው መንገድ ሲመለሱ፣ በቅሎዋ ከወደቀችበት አልነበረችም። በደረቷ እየተሳበች ሄዳ ነበር። ሣሩ ላይ የቀረው ምልክት እነሱ በሄዱበት አቅጣጫ ነበር። ጅብ የደረሰባት ከዚያ ወዲያ ነው። ይህን በሕይወት ዘመናቸው የነገሩት ለባለቤታቸው ብቻ ነው።

ከዚያ በኋላ ጎሬ ገብተው እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ። በ1942 ዓ.ም. በከብት ክትባት ሥራ ተቀጥረው ከመቱ እስከ ኡካ ያለውን አገር በእግራቸው አዳረሱት። በ1956 ዓ.ም. ደብረ ዘይት ሄደው በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሠለጠኑና ወደ መቱ ተመለሱ።

በ1943 ዓ.ም. ታናሽ እኅቴን ወ/ሮ አስካለማርያም አበባየሁን በተክሊል አገቡ። ቤተሰባችን የጸሐፊና የካህን ቤት ነውና ለከብት መርፌ ወጊ ልጅ መስጠት ለጥቂት ወራት ከብዶን ነበር። እሷ ግን አልከበዳትም። ተስፋነሽን፣ አራርሳንና ሻሽቱን ወለዱ።

የአቶ ደበሳ አሠራር ይህ ነበር። የታመመ እንስሳ ሲመጣላቸው ባለቤቱን ይበላል ወይ፣ ይነሣል ወይ፣ ድምፅህን ሲሰማ ጆሮውን ያዞራል ወይ ብለው ይጠይቁ ነበር። ከሦስቱ አንዱ እንኳ ካለ ተስፋ አይቆርጡም፤ ቁስሉን ያጥባሉ፣ ገለባ ያነጥፋሉ፣ አጥሚት በእጃቸው ያጠጣሉ። ሰልችቶት ብቻ የሚያመጣውን ሰው ይመልሱታል፤ እንስሳውን ግን አይመልሱትም። በግቢያቸው ሦስት አህዮችና አንድ ዕውር ውሻ ይጦሩ ስለነበር፣ ሰፈሩ የደበሳ ጡረተኞች ይላቸው ነበር። ሦስቱም ነገር የቀረ እንደሆነ ግን፣ ጥላ ሥር አስተኝተው፣ ልጓሙንና ኮርቻውን አውርደው፣ ባለቤቱን የእንስሳውን ራስ ያስይዙና ሥቃዩን ያሳጥሩለታል። መጀመሪያ በጠመንጃ ነበር፤ ከደብረ ዘይት ከተመለሱ ወዲህ በመርፌ ሆነ። ሁልጊዜም በጆሮው ኦብሲ ይሉት ነበር፤ ቻለው ማለታቸው ነው።

በ1945 ዓ.ም. የተስፋነሽ ክርስትና ሲነሣ በጉን ያረዱት እሳቸው ነበሩ። በዚያ ቀን ሆዴን አመመኝ የሚል እንግዳ በዛ። ሽሮው አለቀ፤ ሥጋው ግን እንደ ቀረበ ተነሣ። በቅሎና ውሻ በገደለ እጅ የታረደ ማን ይበላል ያለ ሰው አልነበረም፤ ሆዱን የማያመው ሰውም አልነበረም። ሆዳቸውን ካመማቸው አንዱ እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ ከጎሬ እየመጣሁ የማርድላቸው እኔ ሆንኩ። እሳቸው ቢላዋውን ስለው ይሰጡኝና ጓሮ ሄደው ከጡረተኞቻቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። የነፍስ አባታቸው ለዚህ ሥራቸው ንስሐ ሰጥተዋቸው አያውቁም። ንስሐ የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ያውም የሃያ ዓመት።

በ1962 ዓ.ም. ዳማ የምትባለው በቅሎዬ አርጅታ ጥርሷ ረገፈ፤ መነሣትም አቃታት። ሠራተኛዬን ጎትተህ ከከተማው ውጭ ተዋት አልኩት። አቶ ደበሳ ለጥየቃ ጎሬ መጥተው ዳማስ አሉኝ። ለእግዜር ትቻታለሁ አልኳቸው። «ጋሼ ሸዋንግዛው፣ እግዜር ጅብ አይደለም» አሉኝ። በዘመዳችን ሁሉ የእሳቸውን ክፉ ቃል የሰማ የለም፤ ለእኔም ያች አንዷ ነበረች። ተያይዘን ሄድን። ዳማን ከወንዙ ዳር ወድቃ አገኘናት፤ ድምፄን ስትሰማ ጆሮዋን አዞረች። አቶ ደበሳ ገመዱን ፈቱላት፣ በሶ በጥብጠው በመዳፋቸው አቀመሷት፤ መዋጥ ግን አቃታት። እስኪመሽ አጠገቧ ቆየን፤ ለድምፄም ጆሮዋን ማዞር ስትተው፣ ራሷን እኔን አስያዙኝና ሥቃይዋን በመርፌ አሳጠሩላት። በኋላ ሰው ጠርተን ቀበርናት። ያን ዕለት ያየሁት የማን እጅ ንጹሕ እንደነበር ነው። አፍሬ ሳልናገረው ሦስት ዓመት ቆየሁ።

አቶ ደበሳ በጉበት ሕመም በጠና የታመሙት ዘንድሮ በጥር ነው። ለፋሲካ እንደ ልማዴ መቱ ወረድኩ። ቢላዋውን ሲሰጡኝ አልቀበልም፣ ዛሬ የእርስዎ ነው አልኳቸው። እጃቸው ስለደከመ እጄን በእጃቸው ላይ አድርጌ አብረን አረድን። ከመጀመሪያው ክርስትና የነበሩትን ጎረቤቶች ሁሉ ጠርቻቸው ነበር፤ መጡ፣ በሉ። ያን ቀን ሆዱን ያመመው ሰው አልነበረም። አቶ ደበሳም ጓሮ አልሄዱም፤ ከመካከላችን ተቀመጡ።

ሰኔ 3 ቀን 1965 ዓ.ም. በተወለዱ በ50 ዓመታቸው፣ በባለቤታቸው ክንድ ላይ እንዳሉ ዐረፉ። ወ/ሮ አስካለማርያም፣ ሦስቱ ልጆቻቸውና እናታቸው ወ/ሮ ዋሪቱ በሐዘን ላይ ይገኛሉ። ዕውሩም ውሻ በራቸው ላይ አለ፤ ከእንግዲህ የሚጦረው በእኔ ቤት ነው።

እሳቸው ጭነቱን ሳያወርዱለት ያሰናበቱት ፍጥረት የለም። እግዚአብሔርም የእሳቸውን ጭነት፣ እኛ የጫንባቸውንም ጭምር፣ ከትከሻቸው አውርዶ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያሳርፍልን። አሜን።