አንስተው የሚገፉት በር

ጥር 4
ተራ ቀን። ቲያትር ቤት ገባሁ፣ ቀለም በጠበጥኩ፣ ወጣሁ። አዲስ ተውኔት ደረሰን... ሰፈራችን ፈርሶ የተሠሩትን ፎቆች የሚያወድስ። የመድረኩን ቤት የምሠራው እኔ ነኝ። "ደስ የሚል ቤት ሥሪ" አለኝ አዘጋጁ። እሺ አልኩ። ምን እላለሁ?
እማዬ ዛሬም ዝም። ቤታችን ከፈረሰ ወዲህ ድምፅዋን ረሳሁት።

ጥር 9
ከአናጺያችን ከሚስማር ጋር እንጨት ፍለጋ የፍርስራሽ ማከማቻ ሄድን። ሚስማር ያሰኘው ቅጥነቱ ነው። የሰፈራችን በሮች ግድግዳ ተደግፈዋል። የእኛም አለ፣ አረንጓዴው። ማልቀስ ነበረብኝ። አላለቀስኩም።
"እነዚህን እንጫን።"
"ለመድረኩ? አርፈሽ ተቀመጪ፣ ዝም አይነቅዝም።"
"ይነቅዛል። እናቴን መጥተህ እያት።"
ጫነ።

ጥር 17
ገምጋሚው መጣ። የሚመረምረው ቃል ነው፤ ቃሉ ደግሞ ሁሉም ውዳሴ። በመድረኩ ቤት ላይ የገጠምናቸውን በሮች አይቶ፣ "አርጅተዋል" አለ።
"ይቀባሉ" አልኩት። መቼ እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ጥር 26
ዛሬ ተከፈተ። ለተፈናቃዮች ነፃ ትኬት ታድሏል፣ እንዲያጨበጭቡ። እማዬም ጫማዋን አደረገች።
መጨረሻው ላይ ሹሙን የሚጫወተው ተዋናይ ቤቱን ሊመርቅ በራችንን ገፋ። እንቢ። ደገመ። እንቢ... በልምምድ ላይ ክፍት ነበር። አንስተው ካልገፉት እንደማይከፈት አልነገርኩትም። ረስቼ ነው? እንጃ።
ሦስተኛ ሊገፋ ትከሻውን አስጠጋ። ከዚያ አንድ የሻከረ ድምፅ፣
"አንስተህ ግፋው፣ ልጄ! የኔ በር ነው!"
እማዬ ናት። ቆማለች።
ከኋላ ሌላ ሴት፣ "ሰማያዊው የኛ ነው!" ከዚያ አንድ ሽማግሌ... ከዚያ ሁሉም። በየበሩ ባለቤት ተገኘ። መጋረጃውን አወረዱት።

ጥር 27
ታገድኩ። "ማን አዘዘሽ?" ይሉኛል ኃላፊዎቹ ደጋግመው።
"ማንም።"
ነገም ተመለሽ ተብያለሁ። መፍራት ነበረብኝ። ምንም የለም... እጄ ብቻ ቀለም ቀለም ይሸታል።

የካቲት 2
ተባረርኩ። ተውኔቱም ቀረ። በሮቹን አቃጠሏቸው፤ ሚስማር ነው የነገረኝ። የአረንጓዴውን እጀታ ግን ነቅሎ በኪሱ ይዞልን መጣ። እማዬ በቀሚሷ ጫፍ ወለወለችው።
"ያን በር አስተካክሉት ስል ስንት ዓመቴ! የሚሰማኝ ነበረ?"
ሚስማር ሳቀ። እሷ ቀጠለች፤ ስለ ማጠፊያው፣ ስለ እኔ ስንፍና፣ በዝናብ ጊዜ ስለሚያብጠው እንጨት... እስከ ማታ አላቋረጠችም።
አሁን አለቀስኩ።