አባባ ሜዳ የመጡ ዕለት

ጥቅምት 26፣ ረቡዕ

ሥራ፣ ልምምድ፣ ቤት።

አሰልጣኝ ገብረየስ ዛሬም ጮኹብኝ። "ሌንጮ! በዱላው ጀርባ አትምታ አላልኩህም?" የሆኪ ዱላ አንዱ ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፣ ሌላው ድቡልቡል። የሚፈቀደው በጠፍጣፋው ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ሳሊተ ምሕረት ገና እርሻ እያለ፣ የገና ጨዋታ ስጫወት ያደግኩ ነኝ። ለገና ዱላ ፊት ምን፣ ጀርባ ምን? እጄ አልሰማ አለኝ።

የምሥራቅ አፍሪካ የወንዶች ሆኪ ሻምፒዮና እዚሁ ሸገር ሊሆን ነው። አምበላችን ተስፉ እንቅልፍ አጥቷል። እኔ... ልደሰት? ልፍራ? ምንም አይመጣም።

ጥቅምት 30፣ እሑድ

እህቴ ደሪቱ መጥታ ዋለች። አባባ እማዬ ከሞተች ከሰኔ ወዲህ ከደጅ አልወጡም። አይናገሩም። ሁለት ጉርሻ፣ በቃ። ደሪቱ ኩሽና ውስጥ ያዘችኝ።

"እኚህ ሰውዬ እማዬን ሊከተሏት ነው። አብረሃቸው እየኖርክ አንድ ነገር አታደርግም?"

"ምን ላድርግ?" አልኳት።

"አንተም ድንጋይ ሆነሃል።"

ልክ ናት። የቀብሯ ቀን እንኳ እንባ አልወጣኝም። ሰው አይቶኛል። አምቶኛልም።

ኅዳር 8፣ ሰኞ

እንግዶቹ ቡድኖች ገቡ። አትላስ አካባቢ ነው ያረፉት። ሆቴሉ በር ላይ ሻንጣቸው ላይ ቁጭ ብለው ሲሳሳቁ አየኋቸው። ቀናሁ መሰለኝ።

ማታ ለአባባ "ጨዋታ ሊጀመር ነው" አልኳቸው። ግድግዳ ግድግዳውን ያያሉ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

አሸነፍን። ልጆቹ ሲተቃቀፉ እኔንም አቀፉኝ።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ግማሽ ፍጻሜ። ተሸነፍን... በኔ።

ሁለት ለአንድ እየመሩን ነው። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ኳሷ በግራዬ መጣች። አላሰብኩም፤ እጄ ራሱ መታ። መረቡ ውስጥ! ልጆቹ ላዬ ላይ ተከመሩ። ከዚያ ፊሽካ። ዳኛው መዳፉን ገልብጦ የእጁን ጀርባ አሳየኝ። እውነቱን ነው። በዱላው ጀርባ ነው የመታሁት። ጎሉ ተሻረ። ተስፉ መሬት ላይ ቁጭ አለ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። ምንም አልተሰማኝም። የሰው ጨዋታ የማይ ነው የመሰለኝ።

ይኼኔ ከተመልካቹ መሀል አንድ ጩኸት...

"አንተ ባለፊሽካ! ዓይንህን አትክልት ተራ ጥለኸው ነው የመጣኸው?"

ድምፁን አወቅኩት፣ ግን አላመንኩም። አባባ! ጋቢያቸውን እንደለበሱ መቀመጫው ላይ ቆመዋል! ለካ ደሪቱ "ደም ግፊት እንለካ" ብላ አታልላ አምጥታቸዋለች።

"ዱላ ጀርባ አለው እንዴ? ጀርባ ያለው ሰው ነው!"

ሰዉ በሳቅ አለቀ። ጥበቃው ሊያስቀምጣቸው ሲጠጋ፣ አጠገባቸው ያሉ ሽማግሌ "ተው ልጄ፣ በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" አሉት። ስቆ ተመለሰ። ዳኛው የውጭ ሰው ነው፤ ምን እንደተባለ አልገባውም። እንኳንም አልገባው።

ታክሲ ውስጥ አባባ እስከ ሳሊተ ምሕረት ለወያላው ሲያስረዱት ነበር። ገና አይሉትም፤ በኦሮምኛ ቂሌ ነው የሚሉት። "በቂሌ፣ ጎል ጎል ነው! በምንም ይግባ!" ወያላው "ልክ ነዎት ፋዘር፣ ተበልታችኋል" ይላል። ደሪቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ ታለቅሳለች። የአምስት ወር ዝምታ በአንድ ቀን አለቀ።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። የተስፉን ፊት ሳስበው ደግሞ ሊከፋኝ ይገባል። አንዱም የለም። ደንዝዣለሁ።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ለደረጃ ተጫውተን ሦስተኛ ወጣን። እሱን ሌላ ቀን እጽፈዋለሁ። የጠዋቱን ነው መጻፍ የምፈልገው።

"ሌንጮ! ተነስ!"

አባባ ናቸው፣ ከኩሽና። እሳቸው እኮ ኩሽና ገብተው አያውቁም! ጨጨብሳ ሠርተዋል። ግማሹ አርሯል።

"ብላ። ትናንት አይቼሃለሁ፣ ስትሮጥ ጉልበት የለህም። ነገ ጾም ይገባል፣ ቅቤውን ዛሬ እንጨርሰው።"

ጎረስኩ። የእማዬ ቅቤ ነው። ዕቃው ሥር የቀረችው... ኮረሪማ ታበዛ አልነበር? እንደዚያው ነው። እንባዬ ሳህኑ ላይ መውረድ ጀመረ፣ አላቆም አለ። እስከ ዛሬ የት ነበር ይኼ ሁሉ?

"ጨው በዛበት እንዴ?" አሉ አባባ።

"አዎ" አልኩ።

እሳቸውም ጎረሱ። "እሷ ልኩን ታውቅ ነበር" አሉ።

ከሞተች ወዲህ ስለ እሷ ሲናገሩ የመጀመሪያቸው ነው። ጋቢያቸውን ስበው ፊታቸውን ሸፈኑ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ደሪቱ ስትገባ ሁለታችንም እንደዚያው ነን። ክው አለች። "ምን ሆናችሁ?"

"ጨው ነው" አሉ አባባ ከጋቢያቸው ውስጥ።

ቆማ አየችን። ከዚያ ነጠላዋን ወንበሩ ላይ ጣል አድርጋ፣ በመሀላችን ቁጭ አለችና ከሳህኑ ጎረሰች።