ቅዳሜ ሦስት ሰዓት፣ ጋሼ ሀብቴ ቤት

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ
ቀኑን ሙሉ መዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር ዋልኩ። ከምሳ በኋላ ታናሽ እህቴ ጥሩወርቅ ከመርሳ ደወለች። ሰርጓ ጥር 18 ሆኗል። «እማዬ ብትኖር ዘፈኑን የምታወጣው እሷ ነበረች። አሁን አንቺ ነሽ» አለችኝ። እሺ ብዬ ዘጋሁት። ምን ነካኝ? አራተኛ ክፍል ሳለሁ መዝሙር ስንዘምር አስተማሪያችን «አንቺ አፍሽን ብቻ አንቀሳቅሽ» ካለችኝ ወዲህ በየሰርጉ አፌን ብቻ እያንቀሳቀስኩ ነው የኖርኩት። ሃያ ስድስት ዓመት... ማንም አልነቃብኝም።

ታኅሣሥ 4
ቢሮ አብራኝ የምትሠራው ሸጊቱ የሰርጉን ጭንቀቴን ብነግራት ጉድ አደረገችኝ። ጋሼ ሀብቴ የሚባሉ የድሮ የኪነት ሰው እዚሁ ወልድያ አሉ፣ ቤታቸው ለብቻ ዘፈን ያስተምራሉ አለች። ሳታስፈቅደኝ ደውላላቸዋለች። ቅዳሜ ሦስት ሰዓት።

ታኅሣሥ 5
ገና ከበሩ ዝፈኚ ቢሉኝስ? ጎረቤት ቢሰማስ? «ልጄ፣ ባትደክሚ ይሻላል» ካሉኝ ለጥሩወርቅ ምን እላታለሁ? ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ልቅር ይሆን... ጉንፋን እንኳ አልያዘኝም፣ ሲፈለግ የት አባቱ ይገኛል።

ታኅሣሥ 6፣ ቅዳሜ
ተመለስኩ። እፎይ!
ዝፈኚ አላሉኝም። ውኃ ሰጡኝ፣ ሥራዬን ጠየቁኝ። ከዚያ ቆሜ ትከሻዬን ሳላነሳ መተንፈስ። ሃያ ደቂቃ ትንፋሽ ብቻ። አፌ እንዲላቀቅ አዛጊ አሉኝ፤ ሳዛጋ እሳቸውም አዛጉ፣ ሳቅን።
በኋላ ክራር አነሱና እናትሽ ከምታዜመው አንዱን አንጎራጉሪ አሉ። ጀመርኩ። ከክራሩ ጋር አልገጠመም። ደገምኩት፣ አልገጠመም። አስተማሪዋ እውነቷን ነው አልኩ በልቤ። ቦርሳዬን አነሳሁ።
ጋሼ ሀብቴ ክራሩን ጆሯቸው ሥር አድርገው እንደ አዲስ መቃኘት ጀመሩ። አንዴ ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት... ገጠመ።
«ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «እኔ በትዝታ ቃኝቼ እጠብቅሻለሁ፣ አንቺ የምታዜሚው አምባሰል ነው። ጆሮሽ ደህና ነው ልጄ።»
አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ አለቀስኩ። ያኔም ክፍሉ ሁሉ በአንዱ ቅኝት ሲሄድ እኔ የእማዬን ይዤ ሄጄ ይሆን? ማን ያውቃል። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ አንጎራጎርኩ። ሹፌሩ በመስታወት አየኝ። ይየኝ።

ታኅሣሥ 27
አራተኛ ትምህርት። ድምፄን ከፍ ሳደርግ አሁንም ትከሻዬ ይነሳል። ጋሼ ሀብቴ በእርሳስ መታ መታ ያደርጉልኛል።

ጥር 20፣ ሰኞ
ቢሮ ገብቻለሁ። ድምፄ ግን የለም፣ ጭራሽ ተዘግቷል። ቅዳሜም እሑድም እኔ ሳወጣ የመርሳ ሰው ሲቀበለኝ ነው ያለፈው። ጥሩወርቅ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልላቀቅ ብላ ነበር። ዛሬ ባለጉዳይ የማስተናግደው በእጅ ምልክት ነው። አለቃችን ደንግጠው ታመምሽ እንዴ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ አሉኝ። ቁራጭ ወረቀት ስቤ ጻፍኩላቸው፦
«ታምሜ አይደለም፤ ዘፍኜ ነው።»