እኔ ዋሽቼ አዋላጇ ስለ መቀጣታቸው

ለጀማሪ ድርጅቶች ምዝገባና ድጋፍ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 14
የመዝገብ ቁጥር፦ 318

ጉዳዩ፦ የክትባት ቀጠሮ አስታዋሽ ድርጅት መሥራች በሆኑት አዋላጅ ላይ የተወሰነው የሦስት ዓመት እገዳ እንዲነሣና ጥፋቱ በእኔ በአመልካቹ ስም እንዲመዘገብ ስለ መጠየቅ

የተከበሩ ኃላፊ፣

እኔ አመልካች የሐሙስ ስብስብ እየተባለ የሚጠራው የመሥራቾችና የባለሀብቶች ማኅበር አስተባባሪ፣ የጽሕፈት ቤትዎም አማካሪ ኮሚቴ አባል ነኝ። ከዚህ በፊት የጻፍኩልዎ ደብዳቤዎች ሁሉ አዳራሽ ይፈቀድልን፣ ግብር ይቃለልልን፣ ኢንተርኔት ይግባልን የሚሉ ነበሩ። ይኼኛው ራሴን የምከስበት ስለሆነ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ነገሩ ሳይደባበቅ እንዲደርስዎ ከመጀመሪያው ልጀምር።

1. ከስድስት ዓመት በፊት ያቋቋምኩት የዕቃ ማድረሻ ድርጅት በአሥራ አንድ ወሩ ተዘጋ። ያን ጊዜ የሚያመኝ መክሰሬ ሳይሆን፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩ የምጠይቀው አንድም ሰው ማጣቴ ነበር። ስለዚህ ከአንድ ማተሚያ ቤት በላይ ያለች ክፍል ተከራይቼ፣ ዘወትር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የራሱን ድርጅት የጀመረ ሁሉ እንዲመጣ በየበሩ ወረቀት ለጠፍኩ። የመጀመሪያው ሐሙስ አራት ሰዎች መጡ። አንደኛው ቢዝነስ ካርድ ሊያሳትም መጥቶ ደረጃውን ተሳስቶ የወጣ ነበር፤ እሱም ቁጭ አለ፣ ዛሬ የሁለት ሱቅ ባለቤት ነው። ከታች ማሽኑ ሲነሣ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፣ ተናጋሪው እስኪያቆም ይጠብቃል። ደንባችን አንድ ብቻ ነበር፤ የሚቆም ሰው የተሳካለትን ሳይሆን በዚያ ሳምንት እምቢ ያለውን ነገር ይናገራል፣ ሌላው ያግዘዋል። በሦስተኛው ዓመት አርባ ሰው ሆንን።

2. የጎደለን ባለሀብት ነበር። በአካባቢያችን ገንዘብ ያለው ሰው መሬትና መጋዘን እንጂ ኮምፒውተር ላይ የሚሠራ ነገር አያምንም። በሲሚንቶ ጅምላ ንግድ የከበሩ፣ ፊት ለፊታቸውም ሳይቀር ሁሉ ሰው ጋሼ ሲሚንቶ የሚላቸው አንድ ነጋዴ ዘንድ ሰባት ጊዜ ተመላልሻለሁ። መኪና እያስጫኑ ያዳምጡኝ ነበር። በስምንተኛው ራሳቸው መጡ። መጨረሻ ወንበር ላይ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው፣ የተነሣውን መሥራች ሁሉ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁት ነበር፦ ይኼን ነገር ዛሬ ማን ተጠቀመበት? በዓመቱ በሁለት ድርጅቶች ውስጥ ድርሻ ገዙ፣ ሦስት ነጋዴ ወዳጆቻቸውንም አመጡ። አንድ ቀን ስንለያይ፣ «ብከስር ግድ የለኝም፣ ንግድ ነው። ከተዋሸሁ ግን ይኼን ደረጃ ሁለተኛ አልወጣውም» አሉኝ። እኔም የምኮራበት ነገር አድርጌ ለሰው እየደጋገምኩ እነግር ነበር።

በዚያው ሰሞን አንድ ጋዜጣ ስለ እኔ «የመሥራቾች አባት» ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ ቅጂ ገዛሁ። ይኼን የምጽፈው ማፈሬን ለማሳየት ብቻ አይደለም፤ ከዚያ ወዲያ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በዚህ ስም ላይ አንዳች ነገር እንዳይደርስበት ስለሆነ ነው።

3. አዋላጇ ሃያ ሁለት ዓመት ማዋለጃ ክፍል የሠሩ፣ የስብስባችንም አባል የሆኑ ሰው ናቸው። እናቶች የልጆቻቸውን ክትባት ቀን እየዘነጉ ሲቀሩ አይተው፣ ብዙዎቹም በስልክ የሚላክ ጽሑፍ ማንበብ እንደማይችሉ ስለሚያውቁ፣ ፕሮግራመር ከሆኑት ባለቤታቸው ጋር ስልክ ደውሎ የሚናገር ሥርዓት ሠሩ። ድምፁ የራሳቸው ነው። «እናቴ፣ የልጅሽ ክትባት ነገ ነው። ካርዱን እንዳትረሺ» ይላል። ይሠራ የነበረው በአንድ ጤና ጣቢያ፣ ለሁለት መቶ አሥራ ሁለት እናቶች ነበር። ከሦስት እናቶች አንዷ ትቀር የነበረው፣ የምትቀረው ከአሥር አንዷ ብቻ ሆነች። ይኼ እውነት ነው፣ መዝገቡም አለ።

4. ኅዳር 20 ቀን በጽሕፈት ቤትዎ አዳራሽ ያዘጋጀነውን የሥራ ማሳያ ቀን እርስዎ ራስዎ ከፍተውልናል። ጋሼ ሲሚንቶ ዘጠኝ አዲስ ባለሀብቶች ይዘው መጥተው ነበር። ያን ያህል ሰው መጥቶልን ስለማያውቅ፣ አንድ ጤና ጣቢያ የሚለው ቁጥር በዓይኔ አነሰ። ከማሳያው በፊት በነበረው ቀን አዋላጇን ጠርቼ፣ ስድስት ጤና ጣቢያ ነው ይበሉ፣ አምስቱ እኮ ሊጀምሩ ነው አልኳቸው። አምስቱ ያሉት ሌላ ቀን መጥታችሁ አስረዱን ብቻ ነበር። እሳቸውም «ያለኝ አንድ ነው። አንዱን እናገራለሁ» አሉ። እኔም እሺ ብዬ ተለያየን።

ይሁን እንጂ በስክሪኑ ላይ የሚታየው ጽሑፍ ሁሉ የሚያልፈው በእኔ ኮምፒውተር ነበር። አንድ የሚለውን አጥፍቼ ስድስት ብዬ ጻፍኩ። አዋላጇ ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ፣ ጀርባቸውን ወደ ስክሪኑ አድርገው ስለ እናቶቹ ሲናገሩ፣ ከራሳቸው በላይ በትልቁ ስድስት የሚል ቁጥር ተነበበ። አዳራሹ አጨበጨበ። ዞር ብለው አላዩም። ጭብጨባው ለሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ እናቶች መስሏቸው ፈገግ አሉ።

5. በማግሥቱ ጋሼ ሲሚንቶ ከስድስቱ አንዱን በዓይናቸው ማየት እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ታናሽ እህቴ ካርድ ክፍል የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ ጠቆምኳቸው። እህቴ ዘጠኝ ዓመት ስትሠራ አንድ ካርድ ጠፍቶባት አያውቅም። እዚህም ይደወላል በያቸው ብላት ፈራች። የአንድ ቀን ነገር ነው፣ ለወንድምሽ ብለሽ ብዬ ለመንኳት። ጋሼ ሲሚንቶ ከሁለት ሰዎች ጋር ሲመጡ እንዳልኳት ተናገረች፤ እሳቸውም ከተደወለላቸው እናቶች አንዷን እንድታገናኛቸው ጠየቋት። መሳቢያውን ሳበች። ካርድ ታወጣለች፣ ትመልሳለች፣ ሌላ ታወጣለች። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ። በመጨረሻ እንባዋ መጣና «አባቴ፣ የለም» አለቻቸው።

እህቴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛወረች። የምትነግረኝ ነገር ሲኖር በእናታችን በኩል ትልክብኛለች።

6. ባለሀብቶቹ አቤት ባሉ ጊዜ ጽሕፈት ቤቱ አጣሪ እንዲሆን የሰየመው እኔ ያለሁበትን ሰባት አባላት ያሉት አማካሪ ኮሚቴ ነው። ያን ጊዜ ከጉዳዩ መውጣት ነበረብኝ፤ አልወጣሁም። ታኅሣሥ 11 ቀን አዋላጇ ተጠርተው ቀረቡ። እኔ ያልኩት አንድ ነው አሉ። ሰብሳቢው የስክሪኑ ጽሑፍ ታትሞ የቀረበበትን ወረቀት ሰጧቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ከዚያ አውልቀው ሰብሳቢውን ሳይሆን እኔን አዩኝ። እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ሐሰተኛ መረጃ በማቅረብ ድርጅታቸው ለሦስት ዓመት ይታገድ ሲባል ሰባት እጅ ወጣ። ከሰባቱ አንዱ የእኔ ነበር። በቃለ ጉባኤው አራተኛ ገጽ ላይ ሁለተኛው ፊርማ የእኔ ነው።

7. በእገዳው ምክንያት ሥርዓቱ ለእናቶቹ የሚደውልበት አጭር የጥሪ ቁጥራቸው ተዘጋ። ከዘጠኙ ባለሀብቶች ሰባቱ መምጣት አቆሙ፣ ጋሼ ሲሚንቶም እንዳሉት ደረጃውን አልወጡም። ከሁሉ የከፋው በራሳችን በመሥራቾቹ ላይ የመጣው ነው። ሰው ተነሥቶ እምቢ ያለውን መናገር ትቶ፣ ሁሉም እየተሳካለት መጣ። እርስ በርስ መተማመን ጠፋ። ባለፈው ሐሙስ አምስት ሰው ነበርን።

ባለፈው ሳምንት ወደ አዋላጇ ሄድኩ። ልናዘዝ አልሄድኩም፤ በስብስቡ ተገኝተው ሰው ሰላም መሆናችንን እንዲያይ ልለምናቸው ነው የሄድኩት። የምሳ ሰዓት ነበር። ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ጉልበታቸው ላይ ደብተር ዘርግተው፣ በገዛ ስልካቸው ለእናቶቹ አንድ በአንድ ይደውላሉ። እናቴ፣ የልጅሽ ክትባት ነገ ነው ይላሉ፤ ስሟ ላይ ምልክት አድርገው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ከታኅሣሥ ጀምሮ የምሳ ሰዓታቸው ይኼ ነው። ገጹን እስኪጨርሱ ቆሜ ጠበቅሁ። ከዚያ ልለምን የመጣሁትን ትቼ ያደረግሁትን ነገርኳቸው። ሁሉንም ያውቁት ነበር።

«ያን ቀን አንተ ትናገራለህ ብዬ ጠበቅሁህ» አሉኝ። «አፍ አውጥቼ ብከስህ ስብስቡ ይፈርሳል ብዬ ፈራሁ። ዝም ብልም ፈረሰ።»

አብረውኝ በዚህ አቤቱታ ላይ እንዲፈርሙ ጠየቅኋቸው። «እኔ የምፈርምበት የለም። ማለት ያለብኝን ብያለሁ። ያላልከው አንተ ነህ» ብለው ደብተራቸውን ገለጡ።

ከዚያ በቀጥታ ጋሼ ሲሚንቶ መደብር ሄጄ ይኼንኑ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ለጽሕፈት ቤቱ ጽፈህ እንደሆነ ንገረኝ አሉ። አልጻፍኩም ስላቸው፣ ጽፈህ ና ብለው ወደሚጫነው መኪና ዞሩ። ለአዋላጇ ምን እንዳሰቡላቸው አልነገሩኝም፣ እኔም ለመጠየቅ አፍ አልነበረኝም።

ስለዚህ የተከበረው ጽሕፈት ቤት፣

ሀ. በአዋላጇ ድርጅት ላይ የተወሰነውን እገዳ አንሥቶ አጭር የጥሪ ቁጥሩ እንዲከፈትላቸው፣

ለ. ሐሰተኛውን ቁጥር የጻፍኩት እኔ መሆኔን በመዝገብ 318 ላይ አስፍሮ፣ ከአማካሪ ኮሚቴው እንዲያሰናብተኝና የሚገባኝን ቅጣት እንዲወስንብኝ፣

ሐ. ታናሽ እህቴ የተናገረችው በእኔ ውትወታ መሆኑን ለምትሠራበት ጤና ጣቢያ በደብዳቤ እንዲያሳውቅልኝ፣

መ. ውሳኔው በቢሮ ተዘግቶ ሳይሆን በዚያው አዳራሽ፣ ኅዳር 20 ባጨበጨቡት ሰዎች ፊት እንዲነበብ፣ እኔም ቆሜ እንድሰማው

በትሕትና እጠይቃለሁ። የሐሙስ ስብስብን ቁልፍ ለማተሚያ ቤቱ ባለቤት አስረክቤያለሁ። መሥራቾቹ ከመካከላቸው ሌላ ሰው ከመረጡ ቁልፉ ለእሱ ይሰጠዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። በኮሚቴ ሳለሁ እንዳየሁት፣ ጥፋተኛ በራሱ አፍ ሲያምን በውሳኔው ላይ «በገዛ ፈቃዱ ጥፋቱን በማመኑ» የሚል ቃል ይገባለታል፣ ቅጣትም ይቀልለታል። እባክዎ ለእኔ እንዳይጻፍልኝ። አዋላጇ መነጽራቸውን አውልቀው ሲያዩኝ ገዛ ፈቃዴ እዚያው ነበረ። ከዚያ ወዲያ በነበሩት ሐሙሶች ሁሉ ፊት ለፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ ሰው እየተነሣ ሲናገር ራሴን እየነቀነቅሁ አዳምጫለሁ።

ቀና ብዬ ለማየት ሳልደፍር፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
አመልካች

ግልባጭ፦
ለአዋላጇ
ለታናሽ እህቴ፣ በእናታችን በኩል
ለጋሼ ሲሚንቶ፣ መደብራቸው ድረስ በእጄ የማደርሰው