በሳጂዳ ድምፅ ግራቸውን የጠበቁት ግብ ጠባቂ፦ የሰላማዊት ሠረቀብርሃን የሕይወት ታሪክ (1980–2017 ዓ.ም.)

ወ/ሮ ሰላማዊት ሠረቀብርሃን ከአባታቸው ከመሪጌታ ሠረቀብርሃን ታዴዎስና ከእናታቸው ከወ/ሮ የሺመቤት ኃይሉ፣ በየካ ክፍለ ከተማ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ፣ ጥር 12 ቀን 1980 ዓ.ም. ተወለዱ። በቀኑ ላይ ቤተሰቡ ሙሉ በሙሉ አይስማማም፤ እናታቸው የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ሲመለስ እልልታ እየሰማሁ ነው የወለድኳት ስለሚሉ ይኸው ቀን ተይዟል።

ፊደል ከአባታቸው ቆጥረው የመጀመሪያና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በሰፈራቸው ተከታትለዋል። ኳስን ግን የተማሩት ከቤታቸው በላይ ባለው ተዳፋት ሜዳ ነው። በዚያ ሜዳ በቁልቁሉ በኩል ያለውን ግብ የሚጠብቅ ልጅ፣ ኳስ ካመለጠው ራሱ እስከ ወንዙ ወርዶ የማምጣት ግዴታ ነበረበት። ወንዶቹ ስለማይፈልጉት ሰላማዊትን እዚያ አቆሟቸው። አንድ ክረምት ወንዝ ሲመላለሱ ከረሙ፤ ከዚያ መውረዱ መረራቸውና መያዝ ጀመሩ።

መሪጌታ ልጃቸው ቁምጣ ለብሳ ከወንዶች ጋር ትጫወታለች መባሉን ሲሰሙ ከፋሲካ እስከ ፍልሰታ አላነጋገሯቸውም። ነገሩ በንስሐ አባታቸው ፊት ቀርቦ፣ ትጫወት፣ ግን በረጅም ሱሪ ይሁን ተብሎ ተፈረደ። ግብ ጠባቂ ረጅም ሱሪ መልበስ ስለሚፈቀድለት አባትና ልጅ ታረቁ። ሰላማዊትም ሌላ ቦታ የመጫወት ሐሳብ ከዚያ በኋላ አላነሱም።

በ1999 ዓ.ም. የየካ ጮራ የሴቶች እግር ኳስ ቡድንን ተቀላቀሉ። እዚያም መገናኛ ሱቅ ከነበራቸው ከአቶ ኑዕማን ልጅ፣ ከመሀል ተከላካይዋ ከሳጂዳ ጋር ተዋወቁ። ሁለቱ በአንድ ታክሲ ሄደው በአንድ ታክሲ የሚመለሱ፣ የአንዷን ጾም ሌላዋ የምትጠብቅ ጓደኛሞች ሆኑ።

በ2003 ዓ.ም. ክረምት የሰላማዊት የግራ ዓይን ይደበዝዝ ጀመር። የነገሩት ለእናታቸው ብቻ ነበር። እናታቸውም ፎቶዋ ጋዜጣ ላይ ከወጣ ወዲህ የሰው ዓይን በልቷት ነው ብለው ጎህ ሳይቀድ እያስነሱ ጠበል አመላለሷቸው። በቀጣዩ የውድድር ዓመት በሰላማዊት ላይ የተቆጠረው ግብ ከቀድሞው አነሰ፤ እናታቸው ዳነችልኝ ብለው ስለታቸውን አገቡ። ጠበሉ አልረዳቸውም ለማለት ይህ ጽሑፍ አይደፍርም። ዓይናቸው ግን አልዳነም ነበር።

ይህን በዚያው የውድድር ዓመት መግቢያ ላይ ያወቁት ሳጂዳ ናቸው። ከሲ.ኤም.ሲ ልምምድ ሲመለሱ ታክሲ ውስጥ በግራ በኩል ቆሎ ዘረጉላቸው፤ ሰላማዊት አላዩም። እጃቸውን ፊታቸው ድረስ አስጠግተው አወዛወዙት፤ አሁንም አላዩም። መገናኛ እስኪደርሱ በሹክሹክታ ተነታረኩ። ሳጂዳ ሐኪም ቤት እንሂድ አሉ። ሰላማዊት ደግሞ በዚያ ዓመት ስማቸው ለብሔራዊ ቡድን መነሳቱን፣ አንድ ዓይና ግብ ጠባቂ ማንም እንደማይወስድ ተናገሩ። በመጨረሻም፦

«ለሰው አትንገሪ። ሜዳ ላይ ግን ጩሂልኝ» አሏቸው።

ሳጂዳም ጮሁ። ኳስ ከግራ በመጣ ቁጥር «ቅርብ»፣ «ሩቅ»፣ «ውጪ»፣ «ቁሚ» እያሉ ዘጠናውን ደቂቃ ይጨርሱ ነበር። የተቃራኒ ደጋፊዎች ሬዲዮ የሚል ስም አወጡላቸው፤ «ያቺን ሬዲዮ ዝጉልን!» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር። የዚያን ድምፅ ትርጉም ከሁለቱ በስተቀር ማንም አላወቀም። ሰላማዊትን ያጩት የቡድኑ ወጌሻ አቶ ገመቺስ እንኳን ጉልበታቸውንና ትከሻቸውን ሲያሹ ዓይናቸውን ልብ አላሉም።

ሰኔ 2005 ዓ.ም. የካ ጮራ ከተሸነፈ የሚወርድበት የመጨረሻ ጨዋታ ደረሰ። የብሔራዊ ቡድን መራጮች ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። ሳጂዳ ግን በካርድ ቅጣት ከሜዳ ውጪ ሆኑ። ከዋዜማው ጀምሮ ለአሠልጣኙ እንንገር ብለው ለምነው ነበር፤ ሰላማዊት አንድ ጨዋታ ነው፣ እወጣዋለሁ ብለው እምቢ አሉ።

ጨዋታው ተጀመረ። የግራው በኩል ዝም አለ። ሰላማዊት አንገታቸውን ወዲያና ወዲህ እያዞሩ አንድ ሁለት ኳስ አወጡ። ዕረፍት ሊወጡ ሲሉ ከግራ የተሻገረች ኳስ፣ እሳቸው እጃቸውን ከማንሳታቸው በፊት መረቡ ውስጥ አረፈች።

መልበሻ ክፍል ውስጥ አሠልጣኝ ጋሮማ ጥፋቱን በግራ ተከላካይዋ በፊልሞና ላይ ጣሉት። ፊልሞና ከታዳጊ ቡድን ያደገች ልጅ ነበረች። ሰውሽን ለቀሽ ቡድኑን አወረድሽ፣ ማልያሽን አውልቂ አሏት። ልጅቷ እያለቀሰች ማውለቅ ጀመረች። ሳጂዳ በሩ አጠገብ ቆመው ሰላማዊትን ብቻ ይመለከቱ ነበር። ሰላማዊት ዝም ማለት ይችሉ ነበር። ግን ተነሡ።

«ጋሼ፣ ልጅቷን ይተዉአት። ኳሷን ያላየኋት እኔ ነኝ። በግራ ዓይኔ አላይም፤ ሁለት ዓመት ሊሆነኝ ነው።»

 ጋሮማ «ታዲያ እስከ ዛሬ በምንሽ ስትይዢ ኖርሽ?» አሉ።

«በሳጂዳ ድምፅ።»

ጓንታቸውን አውልቀው ለተጠባባቂዋ ሰጡ። አቶ ገመቺስ በረዶ የያዘውን ላስቲክ አግዳሚው ላይ ጥለው ወጡ፤ ብዙ ቀንም ስልካቸውን አላነሱም። የካ ጮራ አንድ ለባዶ ተሸንፎ ወረደ። አንድ ደጋፊ በር ላይ «ዓመቱን ሙሉ በዕውር ነው እንዴ ስንጨፍር የከረምነው?» ማለቱን ሰላማዊት ሳይቀየሙ ይተርኩት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ በውድድር አልተሰለፉም።

በማግስቱ ሳጂዳ እጃቸውን ይዘው ሐኪም ዘንድ ወሰዷቸው። ከዓይናቸው ጀርባ ዕጢ ተገኘ። አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ወጣ፤ ከነርቭ ጋር የተጣበቀውን ግን መንካት አልተቻለም። ሁለት ዓመት ቀድመው መጥተው ቢሆን ሁሉም ሊወጣ ይችል እንደነበር ሐኪሙ አልሸሸጓቸውም።

በ2007 ዓ.ም. ኩርፊያቸውን ከተዉት ከአቶ ገመቺስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው አያት ኮንዶሚኒየም ኖረዋል፤ በ2009 ዓ.ም. ልጃቸውን እየሩስን ወልደዋል። ቡድኑ ወደ ነበረበት ደረጃ ሲመለስ የግብ ጠባቂዎች አሠልጣኝ ነበሩ። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት ሴቶቹን አሰልፈው በየተራ አንድ ዓይናቸውን እያስሸፈኑ ከሜዳው ማዶ የማልያ ቁጥር ያስነብቡ ነበር። ልጆቹ «ኮች፣ ኳስ ልንጫወት ነው ወይስ መነጽር ልንገዛ?» እያሉ ቢቀልዱም እሳቸው ግን አንድም ቀን አልዘለሉትም።

በ2016 ዓ.ም. ዕጢው ተመልሶ አደገ። በሕመማቸው መጨረሻ፣ የሕይወት ታሪካቸው ሲጻፍ የዓይናቸው ነገር እንዲገባ ጠየቁ። መሪጌታ ልጄ ሰው አታለለች ተብሎ በደብሩ ፊት አይነበብም ብለው ተቆጡ። ሰላማዊት እንዲህ መለሱላቸው፦

«አባዬ፣ የቡድኑ ልጆች ሁሉ ቀብሬ ላይ ይቆማሉ። የሚያመኝ እኔን ነው ብላ ዝም ያለች አንዷ እዚያ መሀል ትኖራለች። እሷ ትስማው።»

ወ/ሮ ሰላማዊት በተወለዱ በ36 ዓመታቸው ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐርፈዋል። አባታቸውን፣ እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን እየሩስን፣ ወንድማቸውን ማቲዎስንና እንደ እህት የሚያዩአቸውን ወ/ሮ ሳጂዳን ትተው ሄደዋል። ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለመሪጌታ ተነብቦላቸዋል። እስከ መጨረሻው ሰምተው «እንዳለ ይነበብ» ብለዋል።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ጨለማ በማይደርስበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ሕመሟን ይዛ እዚህ መሀል ለቆመችውም አፏን ይፍታላት። አሜን።